ከአጥሩ ውጭ የቀረው መንገድ

የምስጥ አፈር ሽታ አለው። የለውም የሚለኝ ሰው ጋምቤላ ከርሞ አያውቅም። እርጥብ፣ ጎምዘዝ ያለ፣ ቆይቶ የተከፈተ ሣጥን የሚሸተው ዓይነት ነው። ባለፈው ሳምንት የቤቱን ካርታ ሊያድስ የመጣው ወጣት ቀያሽ የጓዳውን ግድግዳ ነካ ሲያደርገው ምርጉ ፍርፍር ብሎ ወረደና ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ልጁ ደንግጦ «ምነው እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። ምን ያመኛል! እናቴን ነው ያየሁት፤ ሻርፗን ወገቧ ላይ አስራ፣ እዚያው ግድግዳ ሥር ቁጭ ብላ፣ እፍኝ አፈር ይዛ።

ስማኝማ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ያኔ ኒውላንድ የሚባል ሰፈር የለም፤ ከተማው ማለት ባሮ ዳር ያለነው ነን። አባቴ ከወሎ ተነስቶ፣ ቡና በበቅሎ ሲነግድ ቆይቶ፣ መርከብ ይመጣ በነበረበት ዘመን ነው ወንዙ ዳር ቦታ ገዝቶ ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ ቤት የሠራው። እሱን ወባ ሲወስድብን ሱቁን እናቴ ያዘች። ጨው፣ አቡጀዲ፣ መንጠቆ፣ ዶቃ፣ ላምባ ትሸጣለች። አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ የአኙዋዎቹን ቋንቋ እየቀላቀለች ስትከራከር ደንበኛ ሳይስቅ አይወጣም ነበር። እኔ ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ ልጅ ነኝ፤ ከትምህርት ቤት መልስ ጨርቅ እለካለሁ።

አንድ ክረምት ባሮ ሞልቶ ቤታችን ገባ። ሣጥኑ ውስጥ የነበረው ሁሉ ራሰ። ማኅተም ያለበት የቦታችን ወረቀት ለጥቂት ተረፈ። እናቴ ፀሐይ ላይ አደረቀችው፣ በጨርቅ ጠቀለለችው፣ ጓዳው ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጋ ቀዳዳ አበጀችና ከታ በጭቃ መረገችበት። «እስቲ አሁን ይምጣ ባሮ!» አለች እጇን እያራገፈች። የደጋ ሰው ጋምቤላ ሲመጣ የሚፈራው ወንዙን ነው፤ ምስጡን ማን ያስበዋል? አኙዋዋ ጎረቤታችን ብታይ ኖሮ ያን ቀን ታስቆማት ነበር። እሷ ውድ ዕቃዋን ከጣራው ታንጠለጥላለች እንጂ ከጭቃ ጋር አታገናኝም። እናቴ ግን የት እንደደበቀችው ለማንም አልተነፈሰችም።

በዓመቱ አዲስ ሹም መጣና ባለቦታ ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ማዘጋጃ ቤት ይቅረብ ተባለ። እናቴ ምርጉን በቢላ ፈነቀለች። ጨርቁ የለም፤ ወረቀቱም የለም። ቀዳዳው ሙሉ አፈር ነው። እዚያው ቁጭ አለችና አፈሩን በእፍኟ ይዛ ሳቀች፣ ወላሂ ሳቀች! «ውኃ እንዳይበላው ብዬ ምስጥ አጎረስኩት!» አለች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ሱቁም ቤቱም የእኛ መሆኑን የሚናገር ሌላ ምን ነበረን?

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል የጎንደር ሰው ነበር። «ግልባጩ ጎሬ፣ ጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ነው» አለን። ጎሬ ብንጠይቅ «ጋምቤላ ነው» አሉን። በመጨረሻ ጸሐፊው ራሱ አዘነልንና አሠራሩን አስረዳን። ማመልከቻ እናስገባለን፣ ወረቀቱ ጠፋ የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ይለጠፋል፣ ተቃዋሚ ካልመጣ ጎረቤት መስክሮልን ምትክ እናገኛለን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይጠንቀቁ እትዬ» አላት፤ «ማስታወቂያ የሚያነበው ደግ ሰው ብቻ አይደለም።»

ልክ ነበር። ማስታወቂያው ተለጥፎ ብዙም ሳይቆይ፣ አባቴ በሕይወት ሳለ የኋላውን መጋዘን ለቆዳ ንግዱ ተከራይቶን የነበረ ሰውዬ ከጎሬ በጭነት መኪና መጣ። ጥቁር ጃንጥላ ይዟል፣ ጫማው ተወልውሏል። «ቦታውን ሟች ሸጠውልኛል» ብሎ የአባቴ የጣት አሻራ አለበት ያለውን ወረቀት ሹሙ ፊት ዘረጋ። ምስክር ተብለው የተጻፉት ሰዎች ሁለቱም ሞተዋል። እናቴን ደግሞ «አይዞሽ እህቴ፣ አላስወጣሽም፤ ኪራይ እየከፈልሽ ትኖሪያለሽ» አላት። በገዛ ቤቷ! ደሜ ፈላ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ፤ ሹሙ ወረቀት የያዘውን ትቶ ወረቀቷን ምስጥ የበላባትን ሴት እንዴት ያምናል?

ያን ዕለት ሱቁን ስንዘጋ አለቀስኩ። እናቴ የላምባውን በርሜል እየከደነች «ተይ እንጂ!» አለችኝ። «አባትሽ ቤቱን አይሸጥም። ቢሸጥ እንኳ ሳያዞር አይሸጥም።» የሰፈራችን ደንብ እንዲህ ነበር፤ ቦታ ሲሸጥ ሻጭና ገዢ ጎረቤት አስከትለው ድንበሩን በእግራቸው ይዞራሉ። ሳይዞሩት የተገዛ ቦታ እንደተገዛ አይቆጠርም። ይህን እየተናገረች ሳለ እናቴ ድንገት ቆመች፤ ፊቷም በራ። የመንገዱን ነገር የነገረችኝ ያኔ ነው።

አባቴ ቦታውን ሲገዛ፣ በአንድ ጎኑ የአኙዋ ሴቶች ውኃ ሊቀዱ የሚወርዱበት መንገድ ያልፍበት ነበር። ጎረቤታችንና ባሏ መንገዳችንን አትዝጋብን አሉት። አባቴም እሺ ብሎ፣ መሬቱ እስከ ማንጎው ዛፍ የእሱ ሆኖ ሳለ፣ አጥሩን ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ አጠረ። እውነተኛው ድንበር እንዳይረሳ ማንጎው ሥር ቆፍረው ከሰል ቀበሩና ድንጋይ ጫኑበት። ከሰል አይበሰብስም፣ ምስጥም አይደፍረውም። ይህን የሚያውቁት ያን ዕለት አብረው የዞሩት ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ መሬታችን አጥሩ ላይ የሚያልቅ ይመስለዋል።

እናቴ ቦታው ላይ ይታይልኝ ብላ አመልክታ፣ ሹሙ ከጸሐፊውና ከአንድ ዘበኛ ጋር በጠዋት መጣ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። እናቴ እጅ ነስታ «ጌታዬ፣ ገዝቻለሁ ካሉ ድንበራቸውን ይዙሩልን። እኔ አንዲት ቃል አልተነፍስም» አለች።

«ምን ገዶኝ!» አለ ሰውዬው።

ዞረ። ከሱቁ በር ተነስቶ በወዲያኛው ጎን ያለውን የጎረቤት ግድግዳ ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ፤ እኛም ተከተልነው። የጫማው ሲጥ ሲጥታና ከታች የባሮ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ የወደቀ ማንጎ ፀሐይ ላይ ይሸታል። መንገዱ ጋ ደረሰ። እግሩን ከአጥሩ አሳልፎ ወደ ማንጎው ቢያነሳ አለቀልን! ጎረቤታችን እንስራዋን አጠገቧ አስቀምጣ፣ መንገዱ መሐል ተቀምጣ ጋያዋን ታጨሳለች። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ሰውዬው ታጠፈ፤ አጥራችንን በጃንጥላው ጫፍ እየነካካ ሽቅብ ወጣና «ይኸው፣ እስከዚህ አጥር ድረስ የእኔ ነው!» አለ።

«መንገዱስ?» አለ ሹሙ።

«መንገዱማ የመንግሥት ነው፣ ጌታዬ።»

ጎረቤታችን ጋያዋን ከአፏ አወጣች። «መንግሥት?» አለች። «መንግሥት መቼ መጣ እዚህ ውኃ ቀዳ?»

ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። ሹሙም ሳቁን ለመዋጥ ከንፈሩን ነከሰ። እሷ ተነስታ ማንጎው ሥር ሄደችና ድንጋዩን በእግሯ መታ አደረገችው። «ይሄን ቆፍር» አለችው ዘበኛውን። «የእሷ ባል ነው ያስቀመጠ። እኔ አየሁ፣ ባሌም አየ። መሬት የእሷ ነው፤ መንገድ ለእኛ ሰጠ።» የድሮ ጎረቤቶቻችንም «እውነቷን ነው፣ አብረን ዞረናል» አሉ።

ዘበኛው ቆፈረ። ከሰሉ ወጣ፤ ጥቁር፣ ደረቅ፣ ትናንት የተቀበረ የሚመስል። እናቴ ቃሏን ጠብቃ ምንም አልተናገረችም። እንባዋ ብቻ ዝም ብሎ ይወርድ ነበር።

«እንግዲህ እርስዎ አጥር ገዝተው ይሆናል እንጂ ቦታ አልገዙም» አለው ሹሙ። ሰውዬው «ሟች ይሄን አላሳዩኝም» ምናምን እያለ ላብ በላብ ሆነ። ሹሙ ወረቀቱን ተቀብሎ «አሻራውን ፖሊስ ያየዋል» ሲል ግን ጨዋታው እንዳበቃ ገባው መሰለኝ፤ እኛ ከሰሉን ከብበን ስንንጫጫ ሹልክ ብሎ፣ ወደ ጎሬ በሚወጣው መኪና ላይ ተንጠላጥሎ ጠፋ። ጃንጥላውን አጥራችን ላይ ተደግፎ አገኘነው። እናቴ ስንት ክረምት ያዘችው መሰለህ!

ምትክ ወረቀቱ ሲጻፍ ጸሐፊውን «መንገዱንም ጻፍልኝ» አለችው። ድንበሩ እስከ ማንጎው፣ መንገዱ ለውኃ ቀጂዎች ተብሎ ተጻፈ። በጎረቤታችን ምክር ወረቀቱን ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከታ ከጣራው በሽቦ አንጠለጠለችው። የተንጠለጠለበትን ለእኔ ያሳየችኝ ሳገባ ነው። «ወረቀቱ የት እንዳለ ለማንም አትንገሪ» አለችኝ፤ «ድንበሩን ግን ልጆችሽን አዙሪያቸው፣ ሰው እያየ።»

አዞርኳቸው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቀያሹን አዞርኩት። ማንጎው ሥር ስንደርስ መሣሪያውን አየና «እማማ፣ ይሄ ሁሉ የእርስዎ ነው እኮ! ለምን አያጥሩትም? ሱቅ ይወጣዋል» አለኝ። ልጁ ክፋት የለውም፤ የሚያየውን ነው የሚናገረው። አሁን ቧንቧ ገብቷል፣ ውኃ ልቅዳ ብሎ በዚያ የሚወርድ የለም። ጎረቤታችን ሞታለች፤ ልጆቿም ርቀው ሄዱ። እናቴም ካረፈች ቆየች።

«አጥሩ ባለበት ይቁም» አልኩት።

እሱ ዕቃውን ሸክፎ ከሄደ በኋላ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ሣር በቅሎበታል። ጫማዬን አወለቅሁና ከአጥሩ ጎን ጀምሬ ወደ ወንዙ እየረገጥኩ ወረድኩ፤ እየረገጥኩም ተመለስኩ። አሁን በየቀኑ እንዲሁ አደርጋለሁ፣ ሣሩ እስኪተኛ ድረስ።