የጥንቸሏ ለቅሶ

ልጅ ሳለሁ የምውለው እማማ ውዴ ቤት ነበር። እናቴ ደብረ ታቦር ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ ያኔ የሕፃናት ማቆያ የሚባል ነገር ሰምተን ስለማናውቅ የሠራተኛ ልጅ ወይ በር ተቆልፎበት ይውላል ወይ ጎረቤት ይጠብቀዋል። እማማ ውዴ የሰፈራችንን አራት ልጆች ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይጠብቁ ነበር።

መጫወቻ የሚባል አልነበረንም። የነበረን የቆርቆሮ ክዳን፣ ጠጠር፣ የበቆሎ ቆረቆንዳና የእማማ ውዴ ተረት ነው። ተረታቸው ደግሞ አንድ ጉድ ነበረበት፤ አያልቅም። ክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር መብራት ይጠፋል፤ እሳቸው ኩራዙን ለኩሰው ምድጃው አጠገብ እንዝርታቸውን እያሾሩ ይጀምራሉ፤ እኛም የእርጥብ ባሕር ዛፍ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን ፍሙን ከበን እንሰማለን፤ ልክ ልባችን ሲሰቀል እንዝርቱን ያቆሙና «በሉ የቀረውን ተጫወቱልኝ» ይላሉ። እኔ በዚህ እበሽቅ ነበር። የጀመሩትን ተረት አይጨርሱም እንዴ! እያልኩ አጉረመርማለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሀብታሙ ግን ወዲያው ተነስቶ ጅብ ይሆናል፤ እኔም ሳላስበው በግ ሆኜ እገኛለሁ።

በአንዱ ክረምት ታናሽ ወንድሜ ብሩክ በሦስት ወሩ ሞተ። ሳል ነበር። ሕፃን ነውና ድንኳን አልተጣለለትም፤ ጎረቤት ብቅ እያለ እናቴን «አይዞሽ፣ ሌላ ይሰጥሻል፣ አታልቅሺ» ብሏት ሄደ። እናቴም አላለቀሰችም። በሳምንቱ ሥራ ገባች፤ የብሩክ ስም በቤታችን መነሳቱ ቀረ። አንዴ ብጠራው «ዝም በይ!» ብላ ተቆጣችኝ። ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ዝም ማለቱን ቻልኩበት፤ የት እንደሄደ ግን አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እማማ ውዴ ልጇን ጎርፍ ስለወሰደባት ጥንቸል ይነግሩን ጀመር። ጥንቸሏ በወንዙ ዳር ወዲያ ወዲህ ስትሮጥ እንዝርቱ ቆመ። ያን ቀን ማንንም አልጠበቅሁም፤ ጥንቸሏ እኔ ሆንኩ። ቆረቆንዳውን በጨርቅ ጠቅልዬ መሬት ላይ አስተኛሁት፤ የእማማ ውዴን ነጠላ ትልልቆቹ ሴቶች ለቅሶ ቤት እንደሚያደርጉት አዘቀዘቅሁ፤ ሀብታሙ የማገዶ እንጨት መቋሚያ አድርጎ ቄስ ሆነ፤ ሁለቱ ትንንሾች ለቅሶ ደራሽ ሆኑ። ከዚያ ደረቴን እየደቃሁ «ብሩኬ! ብሩኬ!» ብዬ ጮህኩ።

እናቴ ለካ ከሥራ ቀድማ ወጥታ ኖሮ በሩ ላይ ቆማለች። ዣንጥላዋ ይንጠባጠባል።

«በልጄ ስም ነው የምትጫወቱት? ምን ዓይነት ሟርት ነው!» ብላ ቆረቆንዳውን አንስታ ምድጃው ውስጥ ወረወረችው። ወደ እማማ ውዴ ዞራም «አንቱ ቁጭ ብለው እያዩ! ከነገ ጀምሮ አላመጣትም» አለች።

ከቁጣዋ ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ነበር። በር የሚቆለፍበት ልጅ ልሆን ነው።

እማማ ውዴ እጃቸውን ወደ ፍሙ ሰደው ቆረቆንዳውን አወጡና አመዱን አራገፉለት። «እሺ የኔ ልጅ፣ አታምጫት» አሉ። «ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ ሳይቀመጡ መውጣት የለም። ተቀመጪ።»

እናቴ ዣንጥላዋን ግድግዳ አስደግፋ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ነገር የማይገባው ሀብታሙ በቆርቆሮ ክዳን ጠጠር ይዞ ቀረበና «ንፍሮ ይውሰዱ» አላት። አንድ ጠጠር አነሳች። እማማ ውዴ ቆረቆንዳውን ጭኗ ላይ አኖሩላት። ያኔ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ብሩክን በስሙ እየጠራች፣ ድንኳን እንደተጣለለት ሰው አለቀሰችለት። እኔም ጥንቸልነቴን ትቼ እቅፏ ውስጥ ገባሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ራሷ አመጣችኝ። ማታ ይዛው የገባችውን ቆረቆንዳም ከነጠላዋ በቀደደችው ቁራጭ ጠቅልላ ሰጠችኝ። የተረቱን መጨረሻ እማማን ስጠይቃቸው «ጨርሳችሁት የለም እንዴ?» አሉኝ።

ዛሬ እዚያው ደብረ ታቦር የሕፃናት ማቆያ ውስጥ እሠራለሁ። መደርደሪያ ሙሉ የፕላስቲክ መጫወቻ አለን፤ ልጆቹ ግን የመጣበትን ካርቶን ይመርጣሉ። ከእማማ ውዴ ተረቶች ፍጻሜውን ከራሳቸው አፍ የሰማሁት አንድም የለም፤ እኔም ለልጆቹ መሃል ላይ እያቆምኩ አበሽቃቸዋለሁ። በቀደም አሻንጉሊት ሸፍነው ለቅሶ ተቀመጡ። አዲሷ ረዳታችን «ኧረ ሟርት ነው፣ ተዉ!» ብላ ብድግ አለች። እጇን ይዤ መለስኳት፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከልጆቹ ጋር መሬት ተቀመጥኩ። አንዲት ልጅ በቆርኪ ንፍሮ አቀረበችልኝ። ተቀበልኳትና ማን እንደሞተባት ቀስ ብዬ ጠየቅኳት።