ሶፍትዌሩ ያላየው ማከማቻ

በመረብ የተያያዙትን የመረጃ ማከማቻዎቻችንን በሶፍትዌር ፈልጎ ሊመዘግብ የመጣው ሊቅ ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ ካልሲዎቹ ግን አይተዋወቁም። ከወንበሩ ንቅንቅ ሳይል፣ "አሥራ አንድ ተገኝተዋል። ያልተመዘገበ ነገ ይነቀላል" ብሎ አወጀ። የሟቾች መዝገብ ያለበት አሥራ ሁለተኛው ከጉልበቱ አጠገብ መብራቱን ያርገበግባል።

"ወንድሜ፣ ይሄስ?"

"እህቴ፣ ሶፍትዌሩ ካላየው የለም ማለት ነው።"

"እሰይ! ሙታኑ ሁለተኛ ሊሞቱልን ነዋ። ዓይንህ ለጌጥ ነው?"

ሳቀ። ሳቁ ግን አልቆየም።

"አባቴንም ሆስፒታል 'ዝርዝር ላይ የለም' ብለውኝ ነበር። አልጋ ለአልጋ ዞሬ አገኘሁት።"

"ዳነ?"

መሬት ላይ ተንበርክኮ የአሥራ ሁለተኛውን ገመድ በጣቱ ይከተል ጀመር።