መድኃኒት ያልበገረው የሁሩታ ጀርም

ሰሞኑን አሰላ፣ ገበያው አጠገብ ካለ መድኃኒት ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበረው ጎልማሳ ሻጯን «ለዶሮዎቼ ቴትራሳይክሊን ስጪኝ» አላት። ያለ ማዘዣ እንደማትሸጥ ነገረችው። እያጉረመረመ ወጣ። እኔ ግን የመጣሁበት ጉዳይ ጠፋብኝ፤ ሐሳቤ እትዬ ዘነበች ጋ ሄዶ ነበር።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ አሰላ በላቦራቶሪ ባለሙያነት ከተመደብኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ከባልደረባዬ ከገመቹ ጋር በየዶሮ እርባታው እየዞርን ኩስ እንሰበስባለን፤ ውስጡ ያለው ጀርም በመድኃኒት ይሞት እንደሆን ለማየት። ጊዜው ጥቅምት ነው። የሁሩታ መንገድ ግራና ቀኙ ያሸተ ስንዴ ነበር፤ በሚኒባሱ መስኮት የሚገባው ነፋስ ደስ ይላል።

እትዬ ዘነበች ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በዶሮ እርባታ ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። ጭኮ በቅቤ ሳያበሉን አይለቁንም። የዚያን ቀን የግራ እጃቸው ጣት በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

«ዶሮ ስበልት ቢላ ነካኝ። ለነሱ በውሃ የምበጠብጠውን መድኃኒት ነስንሼበታለሁ፤ ይድናል።»

«ዶሮዎቹ ታመው ነው?»

«ኧረ ደህና ናቸው። እንዳይታመሙብኝ ነው ሁልጊዜ የምሰጣቸው።»

አሰላ ተመልሰን ከዶሮዎቻቸው ኩስ ያገኘነውን ጀርም በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ዘራነው፤ በላዩም መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች አስቀመጥን። መድኃኒቱ ከሠራ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም አይበቅልም። በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ባዶ ቦታ ያለው አንዱ ወረቀት ብቻ ነበር። በሌሎቹ ዙሪያ ጀርሙ ወረቀቱ ጥግ ድረስ ሞልቷል።

«ወረቀቶቹ ተበላሽተው ይሆናል» አለ ገመቹ። መድኃኒት እንደሚገድለው በምናውቀው ጀርም ላይ ሞከራቸው። ሁሉም ሠሩ። ተያየን። ዶሮዎቹ ሁልጊዜ መድኃኒት ሲወስዱ ጀርሙ ለምዶታል፤ እነዚያ መድኃኒቶች ደግሞ ለሰውም የሚታዘዙ ናቸው።

«የእትዬ ዘነበች ጣት!» አልኩት።

ሁሩታ ስንደርስ እጃቸው እስከ ክርናቸው አብጦ፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ አገኘናቸው። ይዘናቸው ወደ ሆስፒታል ሄድን። የቁስላቸው ናሙናም ያንኑ አሳየ። የሚሠራው መድኃኒት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጣታቸው ጠቁሮ ነበርና ተቆረጠ። ሕይወታቸው ተረፈ።

ልጠይቃቸው ስገባ የታሰረ እጃቸውን እያዩ፣ «ደግ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር እኮ» አሉኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ክፉ በሽታ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ጠዋት የደነገጥኩበት ቀን ግን የለም። እትዬ ዘነበች ለዶሮዎቻቸው እንደ ልጅ የሚሳሱ ሴት ነበሩ። ማንም ክፉ አላሰበም። እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝም እሱ ነው።