የኒምር ጉልበት

ካርቱም፣ ካፉሪ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ ቤት ተቀጥሬ በምሠራበት ጊዜ ነው። ሐጂ ነበር የምላቸው፤ ኒምር የሚባል ያረጀ ውሻ ነበራቸው። ጉልበቱን ታሞ ከተኛበት ለመነሳት ሲታገል ሳየው አንጀቴን በላው። ለወገቤ ከምውጠው የሕመም ማስታገሻ አንድ ፍሬ ሥጋ ውስጥ ደብቄ አጎረስኩት።

በማግስቱ ደም አስታወከው። ሐጂ መኪናቸውን አስነሱና ወደ እንስሳት ሐኪም ይዘነው ከነፍን። ሐኪሙ ሆዱን እየዳበሰ፣ "የሰው መድኃኒት የሰጠው አለ? የሰው መድኃኒት ውሻን ሊገድል ይችላል፤ እውነቱን ንገሩኝ" አለ።

ኒምር እንደዳነ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ያን ሰዓት ግን ብናገር ከሥራ እባረራለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ይሞታል። ኒምር ወለሉ ላይ ተጋድሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

"እኔ ነኝ ሐጂ፣ ትናንት አንድ ፍሬ ሰጠሁት። ወላሂ አዝኜለት ነው" ብዬ አለቀስኩ።

ሐጂ አልተቆጡኝም። ቀስ ብለው እጃቸውን ጀላቢያቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና የራሳቸውን የጉልበት መድኃኒት አውጥተው ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

"ተዪ አታልቅሺ ልጄ" አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው። "ሳምንቱን ሙሉ ግማሹን ለእሱ፣ ግማሹን ለእኔ እያደረግሁ ስንካፈል ነው የከረምነው።"