ለሰርግ የተወለወለችው ቮልስ

ዛሬ ጎረቤቴ መኪናውን በሰም ሲወለውል፣ ሽታው አዋሳ ወደነበረው ግቢያችን መለሰኝ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ እኔ ስምንት ዓመቴ። አባባ ፀሐይ ያደበዘዛትን ቮልስ በጨርቅ ይፈትጋል፤ የቀበሌው ሊቀመንበር አጥራችንን ተደግፎ ያየዋል።

«ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ማሽሞንሞን ለምንድነው?»

«ነገ ዲላ ሰርግ አለብን።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። «የማን ሰርግ ነው፣ ሚሚ?»

ስለ ሰርግ የሰማሁት ነገር አልነበረም። የአባባ እጅ ቀጥ አለ።

«የአክስቴ» አልኩ። ሰውየው ትኩር ብሎ አየኝና ሄደ።

በማግስቱ አባባ ለውትድርና የሚፈለገውን ወንድሜን ሱፍ አልብሶ፣ በአበባ ባጌጠችው ቮልስ ይዞት ሄደ። ኬላ ላይ ሙሽራ መስሏቸው አሳለፏቸው፤ ወንድሜም በሞያሌ በኩል ከአገር ወጣ።

አባባ ብቻውን ሲመለስ አቀፈኝ። «ሁለተኛ እንዳትዋሺ፣ እሺ?» አለኝ እያለቀሰ።