ሳያነቡ የመጻፍ ጣጣ

ሰፈሩ እትዬ ቁልፍ የሚላት አፏ ስለማይከፈት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤቷ ተቀምጣ የሰው ማመልከቻ፣ የሰው ኑዛዜ፣ የሰው የፍቺ ወረቀት በታይፕ ስትመታ ኖራለች። ለሥራዋ አንድ ሕግ ነበራት፤ ጣቷ ይጽፋል እንጂ ዓይኗ አያነብም። ፊደሉን እንደ ጥራጥሬ አንድ በአንድ ትለቅማለች፤ ነገሩ ግን ልቧ ድረስ አይዘልቅም። ወሬ የጠማው ጎረቤት የእገሌ ወረቀት ምን ይላል ብሎ ሲጠይቃት፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ትላለች። እውነቷን ነው።

ጉድ ያፈላባትም ይኸው ኩራቷ ነው። የጽሕፈት መኪናው ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ ሕጓን ይዛ ገባች። ስክሪኑ ላይ ትንሽ መስኮት ብቅ ብላ ትስማሚያለሽ ወይ ባለቻት ቁጥር፣ ሳታነብ "እሺ" የሚለውን ትጫናለች። ነፃ የፊደል ዓይነት ሲመጣ እሺ፣ ነፃ የፋይል መለወጫ ሲመጣ እሺ። ኮምፒውተሩም ቀስ በቀስ የገበያ መሀል ሆነ። የፍቺ ወረቀት ስትጽፍ የሠርግ አዳራሽ፣ ኑዛዜ ስትጽፍ የጫማ ቅናሽ እየዘለለ ይወጣባት ጀመር።

የሰፈሩን የኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራች። እሱ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት ዕድሜው አልቋል፣ አዲስ ግዢ አላት። አዲሱን የሚሸጠው ወንድሙ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

"የእኔም ዕድሜ እየሄደ ነው፤ እኔንም ልትለውጠኝ ነው?" ብላ በሩን አሳየችው።

እልህ ያዛት። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለች፣ መነጽሯን ጠረገች፣ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፍታ ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች። የማታውቀውን ስም በልጇ ስልክ ታጣራለች፤ ያልተጠራ እንግዳ ሆኖ ከተገኘ ታሰናብተዋለች። ማንም ያልጠየቀው የአየር ሁኔታ ነጋሪ ወጣ። ቅናሽ ጠቋሚ ነኝ ባዩም ተከተለው። አሥራ አንደኛው ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። ይኼኛው ከፋይል መለወጫው ጋር ተደብቆ የገባ ሰላይ ነው። የምትመታውን ፊደል ሁሉ እየመዘገበ ለማታውቀው ሰው ይልካል። ከገባ አራት ወሩ ነው።

ደሟ ፈላ። የአራት ወር የሰው ገመና! ነቅላ ጣለችው። ልጇ ከአምራቹ ከራሱ ገጽ ባወረደችላት የቫይረስ መከላከያ ማሽኑን ሁለቴ አስፈተሸች፤ የይለፍ ቃሎቿን በሙሉ በስልኩ ቀየረች። ልጇ በዚህ እፎይ አለች። ጠፍቷል፣ ለማንም አትናገሪ፣ ደንበኛ ይሸሽሻል ስትል መከረቻት።

"ሌባ ቤቴ ገብቶ የሰው ዕቃ ወስዶ፣ የእኔ ስላልጠፋ ዝም ልበል?" አለቻት እናቷ፤ ነጠላዋን አነሳች።

መጀመሪያ የሄደችው ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ወደምትሠራ አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ነው። ሰፊዋ ባለፈው ሳምንት ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የሚገባ ስም የሌለው አቤቱታ እሷ ዘንድ አስጽፋ ነበር። የእሷ መሆኑ ከታወቀ ከሥራ እንደምትባረር ስለምታውቅ፣ እስካሁን አላስገባችውም። እትዬ ቁልፍ በር ላይ እንደቆመች የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ጨረሰች።

ሰፊዋ ወደ ውስጥ አስገባቻት። ከዚያ ከፍራሹ ሥር ወረቀቱን አውጥታ ሰጠቻት።

"የማላውቀው ሌባ ካነበበው፣ እርስዎም ያንብቡልኝ።"

አነበበች። የፋብሪካው ኃላፊ ጨርቅ እንዳይሰረቅ ብሎ የአደጋ ጊዜውን በር ከውጭ ይቆልፋል። ባለፈው ወር ከአንድ ሞተር ጭስ ሲነሳ ሰማንያ ሴቶች አንዲት ጠባብ በር ላይ ተረጋገጡ፤ የአንዷ ክንድ ተሰበረ። በሩ ዛሬም ተቆልፏል። ይህን ሁሉ በገዛ ጣቷ መትታዋለች፤ አንዱንም አልሰማችም። እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም።

"ምስጢር የጠበቅሁ መስሎኝ ጆሮዬን ነው የደፈንኩት" አለች።

ሰፊዋ ጫማዋን አደረገች። ከእንግዲህ ተደብቄ የማተርፈው የለም፣ አለቆቼ ከሌባ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት አለች። አብረው ወደ ታይፒስቷ ቤት ተመለሱና ፋይሉን ከፈቱት። ከግርጌው "አንዲት ሠራተኛ" ይላል።

"እሱን ያጥፉልኝ። ስሜን ከነአያቴ ይጻፉት" አለች ሰፊዋ።

እትዬ ቁልፍ ጻፈችው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት አንድ መስመር ወረደችና "አንብባ የጻፈች" ብላ የራሷን ስም ከነአያቷ አስገባች።