ማረጋገጫ አምስት

ክልሉ አዲስ በነበረበት ጊዜ አሶሳ ውስጥ የማይጎድል ነገር አልነበረም። መሥሪያ ቤታችን የተከራየነው መኖሪያ ቤት ነበር፤ ፋይሎቹ ወጥ ቤት፣ ሬዲዮው ጓዳ ውስጥ። እኔ ቡለን ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ የተዛወርኩ ነኝ። ከቡለን ጋር የምንገናኘው በዚያ ሬዲዮ ብቻ ነው። ዓባይ መሃላችን ተኝቷል፤ የራሳችንን ወረዳ በመኪና ለማየት ሌላ ክልል ዞረን መሄድ ነበረብን፤ ክረምት ከገባ ደግሞ እሱም አይታሰብም።

ሬዲዮው ቢሆን ከእጅ አይሻል ዶማ ነበር፤ ከንግግሩ ግማሹን ጩኸት ይበላዋል። ለመምህራን ማሠልጠኛ ያለፉትን ተማሪዎች በስም መንገር ሞክረን ስሙ ሁሉ እየተጣመመ ስላስቸገረ፣ በፈተና ቁጥር ይነገር ተባለ። ቁጥርም ይሳሳታል አልኩና አንድ ዘዴ አመጣሁ።

ዘዴው የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ አልጀብራ ስማር ያገኘሁት ነው። ቁጥሩ አምስት አሃዝ አለው። የመጀመሪያውን በአንድ፣ ሁለተኛውን በሁለት፣ እንዲህ እያልክ እስከ አምስት ታባዛና ትደምራለህ፤ ድምሩን ለአሥራ አንድ አካፍለህ ቀሪውን ማረጋገጫ ብለህ ከቁጥሩ ጋር ትልካለህ። ተቀባዩ እንደገና ይሠራዋል፤ አንድ አሃዝ ከተሳሳተ አይገጥምለትም። አሥራ አንድ የተመረጠው በከንቱ አይደለም። ለአሥራ አንድ አካፍለን ቀሪውን ብቻ ስንይዝ፣ ዜሮ ያልሆኑ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው ዜሮ አይሆኑም። በአሥር ግን ይሆናሉ፤ አራት ጊዜ አምስት ሃያ ነው፣ መጨረሻው ዜሮ። ስህተቱ እዚያ ገብቶ ይጠፋል።

ይህን አውቃለሁ። እያወቅኩ በአሥር አደረግኩት። የሬዲዮ ኦፕሬተሮቹ ማካፈል ሰለቸን አሉ፤ ቀሪው አሥር ከሆነ በአንድ አሃዝ እንዴት እንጻፈው አሉ፤ ኃላፊው «የድምሩን የመጨረሻ አሃዝ ይላኩ፣ ምን አስጨነቀህ!» አለኝ። ተከራክሬ መርታት እችል ነበር። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ርቦኝ ነበር፤ እሺ አልኩ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባል የለ!

ያለፉት ተማሪዎች ዝርዝር ሲመጣ የአንዲት የቡለን ተማሪዬን ስም አየሁና ብቻዬን ሳቅኩ። የጉሙዝ ልጅ ናት፤ ከክፍል በኋላ እየቀረች አንዱን ጥያቄ ሳልጨርስላት ሌላ ታመጣብኝ ነበር። ወንድሟ ለትዳር ደርሷል፤ በአገሩ ወግ ሚስት የሚያገኘው እህቱን በልዋጭ ሲሰጥ ነው። ከቡለን ከመነሳቴ በፊት ቤታቸው ሄጄ ለምኜዋለሁ። «ካለፈች ትማር፣ እኔ እጠብቃለሁ። ካላለፈች ግን፣ መምህር፣ እኔም ሰው ነኝ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነበር።

ቁጥሯ 31476 ነው። ዝርዝሩን በእጄ ገለበጥኩ፣ ደመርኩ፤ የእሷ ሰባ አምስት መጣ፣ ማረጋገጫ አምስት። ሰኞ ጠዋት ለአሶሳዋ ኦፕሬተር ሰጠኋት። የእኔ ሰባት ከሁለት አይለይም፤ ተማሪዎቼ ሲስቁብኝ ኖረዋል። ኦፕሬተሯ 31426 ብላ አነበበች። ቡለን ያለው ተቀባይ ደመረ፤ አምሳ አምስት። መጨረሻው አምስት ነው፤ ገጠመለት። በአሥራ አንድ ቢሆን ኖሮ የአንዱ ቀሪ ዘጠኝ፣ የሌላው ዜሮ ይሆንና «ድገሙልኝ» ይለን ነበር።

እኔ ዝርዝሩ ሄዷል ብዬ ተኝቼ አደርኩ። በሳምንቱ ሰኞ ነው ተማሪዬ ተነሳች ወይ ብዬ ሬዲዮ ክፍል የገባሁት።

«ልጅቱ አላለፈም» አለኝ የቡለኑ ኦፕሬተር። ሺናሻ ነው፤ አማርኛን የለመደው ትምህርት ቤት ነው። «ዝርዝር ላይ የለም። ቅዳሜ ወንድሟ ወስዶ ሰጠ። የእሱም ሚስት መጣ።»

ወረቀቱን አስመጥቼ አየሁት። ሰባቴ ሁለት መስሎ ተቀምጧል። «ሰባት ነው! ሰባት!» ብዬ በጮህኩበት መሃል የእነሱ ባትሪ ሞተ። ሁለት ቀን ሙሉ ከሬዲዮው ሥር አልተነሳሁም። ጸሎትም ስድብም ሞከርኩ፤ የሚመልስልኝ ጩኸቱ ብቻ ነበር። ሐሙስ ዕለት ድምፁ ሲመለስ ወደ ወንድሟ በእግር ሰው እንዲልኩ ለመንኩ፤ ላኩ። ተማሪዬ ከተመለሰች በልዋጭ የመጣችውም ትመለሳለች፤ ያ ማለት በሁለቱ ቤተሰብ መካከል ደም ሊፈስ ይችላል ማለት ነው። ወንድሟ «እኔ ጠብቄ ነበር፤ አላለፈችም ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ» ብሎ ላከብኝ። ኦፕሬተሯ ፊት አለቀስኩ።

«ሌላም ነገር አለ» አለ የቡለኑ ሰው የወንድሟን መልስ ነግሮኝ ሲጨርስ፣ በፈራ ድምፅ። «ዝርዝሩ የመጣ ቀን ልጅቱ እዚህ መጣ። እርሳስ ተቀበለኝ፣ ደመረ። ሁለቱም ልክ ነው፣ አሶሳን ጠይቅልኝ አለኝ። እኔ፣ ደንቡ ከአሶሳ መጣ፣ ቁጥሩ ገጠመ፣ ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ወረቀት ጽፎ ሄደ። መሳቢያ ውስጥ አለ።»

«አንብብልኝ» አልኩት።

ቀስ ብሎ፣ አንዳንዱን ቃል እየደገመ አነበበ፦ «ለቲቸር። 31426 አምስት ይመጣል። የእኔም አምስት ይመጣል። የሰባትና የሁለት ልዩነት አምስት ነው፤ በአራት ሲባዛ ሃያ ስለሆነ አይታይም። በዚህ ደንብ ከሁለታችን ማን እንዳለፈ አይታወቅም። እባክዎ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ይዩልኝ። ወንድሜን ለምኜው እስከ ቅዳሜ እሺ ብሎኛል።»